ቱሉ ዲምቱ ላለችው ፋርማሲስት ምስጋና፤ ራስ ምታት ለሚመላለስባችሁም ጥቆማ

በጤና ሙያ የተሰማራን የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ነን። የሰፈራችንን ፋርማሲስት በአደባባይ ልናመሰግን ወደድን። ስሟ እንዳይጠራ ስለፈለገች አድራሻዋን በውስጥ መስመር ጠይቁን።

ማስታገሻ ስትጠይቋት መጀመሪያ የምትለው «በወር ስንት ቀን ትወስዳላችሁ?» ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ካፈርጎት (ኤርጎታሚንና ካፌይን ያለበት የማይግሬን መድኃኒት) ወይም ትራማዶል (ጠንከር ያለ ማስታገሻ) ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር ያህል ሲወሰድ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ሰውዬው ጠዋት እያመመው ይነሳል፣ ይውጣል፣ ቀለል ይለዋል፣ በማግስቱም ያው ነው። እሷ እንዲህ ላለው ሰው ሌላ እሽግ ሸጣ አታሰናብተውም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። መድኃኒቱ ሲቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚከብዱም አስቀድማ ትነግረዋለች፤ ይህን ያልሰማ ሰው በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይውጣልና። ትራማዶል ግን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አይቆምም።

«ሳይነስ ነው» ብሎ የሚመጣው ብዙ ነው። ከፊል ራስን እየነዘረ የሚያም፣ ደረጃ ሲወጡ የሚብስ፣ የሚያቅለሸልሽ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ፣ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማይግሬን ነው። ሻሽ አጥብቀው ያሰሩት ያህል ሁለቱንም ጎን የሚጫነው ግን የውጥረት ራስ ምታት ነው። ዳማከሴ ያሸተተውን አትቆጣም (እኛም አንቆጣም)፤ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለ ግን ምች ተብሎ ቤት አይተኛም። በድንገት በደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የነካ ሕመም፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የአንደበት መያያዝ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ላይ የጠና ራስ ምታት ከታየም በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል። ስለዚህ «እስቲ ልቻለው» ተብሎ ዘግይቶ የተዋጠ ፍሬ እዚያው ይቀመጣል። ለጤነኛ አዋቂ ገና ሲጀምር ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይበልጥም፤ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለው ፓራሲታሞልም ይቆጠራል። ጉበቱን የታመመ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ከዚያ ያነሰ ነው የሚወስደው። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር ጥሩ ነው፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበትና ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም።

ካፈርጎት ላይ ጥንቃቄዋ ይለያል። ግፊትና የልብ ሕመም እንዳለ ትጠይቃለች፤ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ወይም ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለም በጭራሽ አትሰጥም። ሁለቱ ከተገናኙ የደም ሥር አጥብቆ ይኮማተርና እጅና እግር ደም ያጣል። ይህን ሳይጠይቅ የሚሸጥ ሞልቷል።

ጾም ሲገባ ቡናው ይዘገያል፤ ካፌይን የለመደ ሰው ካቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያመዋል። ለዚህ ምክሯ ጾሙ ሳይገባ ስኒውን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። በክረምት ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ አንድ ላይ አሞት ውጭ ሲወጡ የሚሻላቸው ከሆነ፣ የከሰል ጭስ መርዝ ነውና ቤቱን ለቃችሁ ሕክምና ሂዱ ትላለች እንጂ ፍሬ አትቆጥርም።

ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ ያመማችሁንና መድኃኒት የወሰዳችሁበትን ቀንም ጻፉ። ማታ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ረፋድ ላይ ይሻላል።