እናቴ በቆሎውን ነክሳ የፈረደችበት እርሻ

በቅድሚያ ስለ ጫማ። ለጉብኝት በሄድንበት እርሻ ማስታወቂያ ላይ የሚታዩት ልጆች ነጭ ሸራ ጫማ አድርገዋል፤ አትመኗቸው። ሌሊቱን ጤዛ ሲጠጣ ያደረ የመጸው ማሳ ረፋዱ ካልተጋመሰ አይደርቅም። ባለቤቴ ቢሮ የሚገባበትን የቆዳ ጫማ አድርጎ መጥቶ፣ ከመኪናው ወርዶ አሥር እርምጃ ሳይራመድ ጭቃው አንዱን እግር አስቀረበት። ቦት ጫማና ቅያሪ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ።

የሄድነው አምስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጄ፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጄ እና እናቴ። እናቴ ገበሬ ቤት ተወልዳ፣ እስክታገባ ድረስ ስታርምና ስታጭድ ያደገች ሴት ናት። በመኸር ሰሞን በሩን ለቤተሰብ የሚከፍት እርሻ እንዳለና ተከፍሎ እንደሚገባ ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ "ለማጨድስ ስንት ይከፍሉናል?" አለችኝ።

ሳቅኩባት እንጂ ነገሯ እውነት አለው። የትራክተሩ ጉዞ ለብቻው ትኬት አለው፣ የበቆሎው እንቆቅልሽ (በቆመ በቆሎ መሐል ተቆርጦ የተሠራ፣ መውጫው የሚፈለግ ጠመዝማዛ መንገድ) ለብቻው፣ ፖም ለቀማው ለብቻው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ሰልፍ አላቸው። በሂሳብ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና አንድ ትኬት ይበቃ እንደነበር ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ጉዞው ራሱ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ትራክተር የሚጎትተው ተሳቢ ላይ፣ በገመድ በታሰረ ነዶ ላይ ተቀምጦ ማሳውን መዞር ነው። አስጎብኚዋ "ድርቆሹን አጥብቃችሁ ያዙ" ስትል እናቴ አንድ ዘለላ መዝዛ፣ ባዶ ውስጡን አይታ፣ "ይህ የስንዴ አገዳ ነው። ድርቆሽማ የከብት ቀለብ ነው፣ ማን ይቀመጥበታል?" አለች። ትክክል ነበረች። ደግሞም ይዋጋል፤ ወፍራም ሱሪ ልበሱ።

ወደ እንቆቅልሹ ግን እናቴ አልገባችም። ደርሶ የቆመ እህል ውስጥ ሰው ሆን ብሎ እንዲጠፋ መደረጉ አልዋጥላት ብሎ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። መግቢያው ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ እንደተጻፈው፣ የዘመኑ የበቆሎ እንቆቅልሽ የተጀመረው በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ አንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዘሩን አንድ ጊዜ በቁመት፣ አንድ ጊዜ በአግድም ይዘሩታል፤ እንዲህ ካልጠቀጠቁት ግድግዳው ያሳልፋል። ከዚያም በቆሎው ገና አጭር ሳለ መንገዱን በንድፉ መሠረት ይቆርጡታል። እኛ ስንደርስ ከባለቤቴ ራስ በላይ ሄዶ፣ ቅጠሉ ደርቆ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ያለ ይመስል ነበር። ለዚህ ድምፅ ብቻ መግባት ያስመኛል።

ወንዱ ልጄ ቀኝ እጅን ከግድግዳው ሳያነሡ መሄድ ሁልጊዜ ያስወጣል የሚል ነገር አንብቦ ነበር። ያላሰበው፣ ዘዴው ከበሩ ከጀመሩበት እንደሚሠራ ነው። እርሱ ትዝ ያለው መሐል ገብተን ከጠፋን በኋላ ስለነበር፣ ከዋናው ግድግዳ ጋር በማይገናኝ የበቆሎ ደሴት ዙሪያ እጁን እያሻሸ፣ ያንኑ ኮፍያ ያጠለቀ የወፍ ማስፈራሪያ ሦስት ጊዜ አገናኘን። በአራተኛው ሴት ልጄ እጇን አውለብልባ ሰላም አለችው። መጨረሻ ላይ ከፍ ካለ ማማ ላይ የቆመች ሠራተኛ በእጇ እየጠቆመች አወጣችን። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ይረዝማል፤ ግማሹን መንገድ ልጄን ያዘልኩት እኔ ነኝ።

ፖም ለቀማው ግን ለከፈልንበት ሁሉ ካሰን። መቁረጫ መቀስ ቀበቶው ላይ የሰካ አንድ አዛውንት ቅርጫት እያደለ፣ "አትጎትቱ" ይላል። ፍሬውን በመዳፍ ይዞ ወደ ላይ ማንሣትና ትንሽ ማዞር ነው፤ ከደረሰ እሺ ብሎ ይመጣል፣ ካልመጣ ይተዉታል። በጉልበት የሚጎትት ሰው የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ የያዘችውን አጭር ቅርንጫፍ አብሮ ይገነጥላል። ይህንን ብሎ አንዱን በቢላ ለሁለት ከፈለና ቡናማ የሆነውን ዘር አሳየን፤ ነጭ ቢሆን ኖሮ ገና ነበር ማለት ነው።

ሴት ልጄ ያገኘችውን ፖም እዚህ ሳልጽፍ አላልፍም። ዙሪያው ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ፣ አንድ ጎኑ ላይ የቅጠል ቅርጽ፣ ከነጫፉ፣ በአረንጓዴ ታትሞበታል። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቅጠል ተለጥፎበት ኖሮ ፀሐይ ያንን ቦታ አላገኘችውም። አዛውንቱ ሲያስረዳ፣ የፍሬውን ልጣጭ የሚያቀላው ቀለም ብርሃን ካላገኘ አይሠራም፤ ከአጥሩ ወዲያ ያሉትን ዛፎች ያቀላቸውም የዚያው ዘር ቀለም ነው። ቢጫው ከመጀመሪያው ቅጠሉ ውስጥ አለ፣ አረንጓዴው ሲለቅ ይገለጣል። ቀዩ ግን በመጸው አዲስ የሚሠራ ነው፤ ቀኑ ጠራራ ሆኖ ሌሊቱ ውርጭ ሳይደርስ ሲቀዘቅዝ ይደምቃል። ልጄ ፖሙን አልበላም ብላ ኪሷ ከተተችው። ዘሩን እንደምትተክል ስትነግረው ደግሞ አዛውንቱ አጎንብሶ፣ "ይበቅልልሻል፣ ግን እናቱን አይመስልም" አላት። እዚያ ያሉት ዛፎች ከዘር የመጡ አይደሉም፤ ከተመረጠ ዛፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሌላ ዛፍ ሥር ላይ እየታሰረ የተጣበቀ ነው። እርሷ ግን አልተቀየመችም።

ለምሳ ስንሰበሰብ እናቴ የለችም። መጸዳጃ ቤቱ ጋር ብንሄድ፣ ተሳቢው ጋር ብንሄድ የለችም። ያገኘናት ጎብኚ እንዳያልፍ ከተወጠረው ገመድ ወዲያ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ፣ የተፈለፈለ የበቆሎ ክምር አጠገብ ነው። ጤዛው ያዘገየው ኮምባይነር ከጎኗ ቆሟል። ዘይት የነካው ቱታ የለበሰ አንድ ወጣት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያታል። አንዲት ፍሬ አንሥታ በክራንቻዋ ነከሰች፣ ቀኝና ግራ አላመጠቻት፣ ተፋቻት።

"አልደረቀም" አለች።

ልጁ ሳይመልስ ገብቶ አንድ የእጅ እርጥበት መለኪያ ይዞ ወጣ። አንድ እፍኝ በቆሎ ጨምሮበት ክዳኑን ዘጋ። 18 በመቶ አለ። እርጥበቱ ወደ 14 በመቶ ካልወረደ ጎተራ ውስጥ ይሻግታልና ማታ ማድረቂያውን ሊያስነሣ መሆኑን ነገረን። ከዚያም ወደ እናቴ ዞሮ፣ "እማማ፣ ጥርስዎን ያከራዩኝ" አላት።

"የቀረልኝ ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሐኪሙ ናቸው" አለችው።

ከዚያ በኋላ እኛን የሚያስታውሰን አልነበረም። ነቀዝ፣ ሻጋታ፣ ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ እያነሡ ግማሽ ሰዓት ተጨዋወቱ። ወንዱ ልጄ ኮምባይነሩ ላይ ወጥቶ መሪውን ያዘ። አንዲት ሠራተኛ መጥታ ቦታው ለጎብኚ እንዳልተፈቀደ በትሕትና ነገረችን። ለደኅንነት ነው፣ እቀበለዋለሁ፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ያየነው ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ትኬት ያልተቆረጠለት ሆኖ ሲገኝ እርሻው ራሱን ቢጠይቅ አይከፋም።

ዱባው ላይ ተጠንቀቁ። በበሩ አጠገብ "ራስዎ ከማሳው ይምረጡ" ተብሎ ሣር ላይ የተደረደረው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። እናቴ አንዱን ገልብጣ ሆዱን አየችና፣ "ይህ እዚህ አልተኛም" አለች፤ ዱባ ተኝቶ ባደገበት በኩል መሬቱን የነካው ቦታ ገርጥቶ ይቀራል፣ የነዚህ የገረጣ ጎን ደግሞ ወደ ሰማይ ዞሯል፣ ሐረግም በአጠገባቸው የለም። እውነተኛው ማሳ ከፖሙ ጀርባ ነው፤ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል፣ ዋጋውም ያው ነው። ጥፍራችሁ በቀላሉ የማይገባበትን ምረጡ። ከሐረጉ ስትቆርጡ ጭራውን ረዘም አድርጋችሁ ተዉለት፤ በጭራው ግን አትሸከሙት። ቤት ስትደርሱ አሥር ቀን ያህል ሞቅ ያለ ቦታ ላይ አቆዩትና ልጣጩ ይጠንክር፤ ከዚያ በኋላ ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ በሆነ ክፍል ወራት ይከርማል። ከፖም ጋር ግን አታኑሩት፤ ፖም የሚለቀው ጋዝ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያስረጀዋል።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ሁለቱ ለአዛውንቱና ለፖሙ፣ አንዱ ለበቆሎው ድምፅ፣ ግማሹ ገመዱን አልፋ ለገባች አንዲት አሮጊት ግማሽ ሰዓቱን ለሰጠው ወጣት። መሄድ የምትፈልጉ በሥራ ቀን፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ሂዱ፤ ሰልፉ ያጥራል፣ ኮምባይነሩም ሲሠራ ታዩታላችሁ።

ከሦስቱ ዱባዎቻችን ሁለቱ እስከ ዛሬ ድረስ ደህና ናቸው። ሴት ልጄ በጭራው አንጠልጥላ እስከ መኪናው የወሰደችው ጭራው ተነቅሎ፣ በሦስተኛው ሳምንት በዚያው በኩል በሰበሰ። የፖሙ ዘር በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ለመብቀል ሁለት ሦስት ወር ብርድ ይፈልጋል ተብላለች። እናቴ ቆሻሻ መስሏት ሁለት ጊዜ ልትጥለው ነበር። አሁን ልጄ ጨርቁ ላይ በትልልቅ ፊደል "አያቴ አትንኪው" ብላ ጽፋበታለች።