ሶስተኛ ወገን ይበቃኛል ወይስ ሙሉ ኢንሹራንስ ልግባ?

የቦሎ ጊዜ ሲደርስ አብዛኛው ባለመኪና የሚጠይቀው «ርካሹ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ነው። ለሶስተኛ ወገን ከሆነ ጥያቄው ያስኬዳል፤ ሽፋኑን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ስለሆነ ከኩባንያ ኩባንያ ብዙ አይለያይም። ለሙሉው፣ ኮምፕሪሄንሲቭ ለምንለው ግን፣ ርካሹን ማሳደድ አያዋጣም።

ሶስተኛ ወገን የሚከፍለው ለገጩት ሰው ነው፤ ለሞት፣ ለአካል ጉዳት፣ ለሌላ ሰው ንብረት። የእርስዎ መኪና ኮፈኑ ቢታጠፍ፣ ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ አያገባውም። ጣሪያም አለው። አዋጁ ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው 100,000 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ የት እንደደረሰ ጋራዥ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሲፈርሙ ጣሪያው ስንት እንደሆነ ያንብቡ፤ ከዚያ ያለፈው ከኪስዎ ነው። ጥቂት አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን ገንዘብ) ጨምሮ የንብረቱን ሽፋን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል ደግሞ ካልጠየቁ የሚነግርዎ ላይኖር ይችላል።

ሙሉው የራስዎንም መኪና ይይዛል፤ ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ ስርቆት። «ሙሉ» መባሉ ግን አያታልልዎ። ሌሊት ስፖኪዮ ተነቅሎ ቢሄድ፣ ወይም በሁከት መኪናው ቢሰባበር፣ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ያ ሽፋን ተጨምሮ ከተገባ ብቻ ነው። «ለግል» ተብሎ ኢንሹራንስ የተገባለትን መኪና በራይድ ሲሠሩበት አደጋ ቢደርስም ካሳው ሊከለከል ይችላል።

አሁን ሁለት መኪና እናወዳድር። አሮጌ ዲኤክስ ያለው ሰው የተጎዳበትን ዕቃ ሶማሌ ተራ ወርዶ አሮጌውን ይገዛል። ሙሉ ቢገባ ኩባንያው በአዲስ ዕቃ ሲተካለት ለእርጅናው ይቀንስበታል፣ የራሱን ድርሻም (ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለመኪናው ራሱ የሚሸፍነውን) ያስከፍለዋል፤ ትንንሽ ጭረትማ ካሳ ለመጠየቅ አይበቃም። ለእሱ ሶስተኛ ወገን፣ ከተገኘም እሳትና ስርቆት የተጨመረበት፣ ይሻለዋል ባይ ነኝ። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በባንክ ብድር የገዛው ግን ምርጫም የለው፤ ባንኩ ራሱ ሙሉውን ያስገባዋል። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ መኪናው ከሥር ድንጋይ መትቶት ባትሪው ቢጎዳ ይሸፈናል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበል፤ የባትሪ ዋጋ ቀልድ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን መኪናው በተገመተበት ዋጋ ነው። አረቦን ለመቀነስ ሲባል፣ ወይም በስንፍና፣ ዓመት በዓመት የድሮው ዋጋ ይታደሳል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ልዩነቱ ሰፍቷል። ገበያ ላይ 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,200,000 ብር ኢንሹራንስ ገብቶለታል እንበል። የገባው 60 በመቶውን ነው። 300,000 ብር ጉዳት ቢደርስ ኩባንያው በዚያው ስሌት 180,000 ብር ይከፍላል፤ 120,000ው የባለቤቱ ነው፤ የራሱ ድርሻ ገና ሳይቀነስ። አጋንኖ ማስገመትም ትርፍ የለውም፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም የሚከፈለው የገበያ ዋጋው ነው።

ሁለት የዋጋ ማቅረቢያ ይዘው ሲያወዳድሩም ከአረቦኑ ጎን የራስ ድርሻውን (ኤክሰስ የሚባለውን) ይጻፉ። ለምሳሌ አንደኛው 45,000 ብር አረቦን፣ 20,000 ብር ድርሻ ይላል፤ ሁለተኛው 52,000 እና 5,000። ዓመቱን በሰላም ከጨረሱ አንደኛው 7,000 ብር ያተርፍልዎታል። አንዴ ቢጋጩ ግን አንደኛው 65,000 ሲፈጅ ሁለተኛው 57,000 ነው። መገናኛና ሜክሲኮ መሀል ጠዋት ማታ የሚመላለስ ሰው ሁለተኛውን ቢይዝ አይገርመኝም፤ መኪናዋን ለእሁድ ብቻ የሚያወጣት ደግሞ አንደኛውን። ድርሻው ለጀማሪ ሹፌር ይጨምር እንደሆነም ይጠይቁ፤ ልጅዎ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ይህ እርስዎን ይመለከታል።

በመጨረሻ ከመፈረምዎ በፊት በዚያ ኩባንያ ካሳ የተቀበለ ሰው ይፈልጉ። ፕሮፎርማው ስንት ቀን ፈጀ፣ ጋራዡን ማን መረጠ፣ ብለው ይጠይቁት። ከጋራዥ ሠራተኛ የተሻለ መላሽ ደግሞ የለም፤ የማን መኪና ወር ሙሉ ቆሞ ክፍያ እንደሚጠብቅ በየቀኑ ያያል።