በቀን አንድ ሚሊ ሜትር፦ ወንድሜን ላቆመችልን ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና

ትናንት ወንድሜ ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ያለ ክራንች ሄዶ ተመለሰ። እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እኔም በሆዴ የቆየውን ምስጋና ዛሬ ሳልጽፍ አላድርም።

ወንድሜ ሐይቅ ከተማ ባጃጅ ነጂ ነው። ባለፈው ጥቅምት ለአራት ቀን ተቅማጥ ያዘውና ተሻለው፤ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የእግሩ ጣቶች ይነዝሩት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከባጃጁ ሲወርድ ጉልበቱ ከዳው። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችለት። የሄድንበት ክሊኒክ ደግሞ የቫይታሚን መርፌ ወግቶ ወደ ቤት መለሰን። ድካሙ ከእግር ወደ ላይ እየወጣ ነበር፤ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው ነው ይዘነው ወደ ደሴ የሮጥነው። ያኔ 18ኛ ቀኑ ነበር።

ሐኪሙ በትንሿ የጎማ መዶሻ ጉልበቱን መታ፤ እግሩ ንቅንቅ አላለም። ቁርጭምጭሚቱም ክርኑም እንዲሁ። «ጊላን ባሬ የሚባል የነርቭ በሽታ ነው» አለን። ስሙ በ1916 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከባልደረባቸው ከስትሮል ጋር ሆነው ስለ በሽታው ከጻፉት ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች የመጣ ነው። በዓመት ከ100 ሺህ ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን ቢይዝ ነው። ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት አለው፤ በደንብ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲጀመር ነው። እኛ ዘግይተናል፣ ዋጋውም ከአቅማችን በላይ ነበር። ስለዚህ እባካችሁ፣ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ የሰው ሁለት እግሮች አብረው እየደከሙ ድካሙ ወደ ላይ ከወጣ፣ ሳታመነቱ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዱት። ይህ በሽታ ትንፋሽም ይይዛል። ወንድሜን በአንድ ትንፋሽ ቁጠር ይሉት ነበር፤ አንድ ሌሊት ከ30 ወርዶ 17 ላይ ቆመ። ያቺን ሌሊት እንዴት እንዳነጋናት እኔና እናቴ ነን የምናውቀው። በማግስቱ 19 ቆጠረ፣ ከዚያ ወዲያ አልወረደም። የመተንፈሻ ማሽን ሳያስፈልገው ቀረ፣ አልሀምዱሊላህ።

ፊዚዮቴራፒስቷን ያገኘናት እዚያው አልጋው አጠገብ ነው። ሁላችንም ስለ ወንድሜ ስናወራ እሷ ወንድሜን አናገረችው። «ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው። ባጃጅ ሲላት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የባጃጅህን የኤሌክትሪክ ሽቦ አስበው» አለችው። «መዳብ አለው፣ ላስቲክ አለው። ነርቭህም እንደዚያ ነው፤ ላስቲኩ ማይሊን ይባላል። በላስቲኩ መሃል መሃል ክፍተት አለ። መልእክቱ ልጅ ቦርከናን ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ እንደሚሻገረው ከክፍተት ወደ ክፍተት ይዘላል፤ በሰከንድ 50 ሜትር የሚሄድበትም ለዚህ ነው። ላስቲኩ ሲላጥ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል።»

ማን ላጠው? አላት። ተቅማጡን ያመጣው ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን እንደሚችል ነገረችው፤ ይህን በሽታ ከሚቀሰቅሱት ዋነኛው እሱ ነው። በደንብ ባልበሰለ ዶሮ፣ ባልፈላ ወተት፣ በተበከለ ውሃ ይገባል። የአንዳንዱ ካምፒሎባክተር ገላ የለበሰው ስኳርማ ነገር የእኛ ነርቭ ላይ ካለው ጋር መንታ ይመስላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመግደል የሠራቸው አንቲቦዲዎች ነርቩንም ጠላት ነው ብለው ይጣበቁበታል። ኮምፕልመንት የሚባሉ የደም ፕሮቲኖችን ይጠሩበታል፣ እነሱ የነርቩን ገላ ይበሱታል፣ በላተኛ ህዋሳት ተከትለው ይመጣሉ። አንዳንዱ ሰው ላይ ላስቲኩን ይልጣሉ፣ አንዳንዱ ላይ መዳቡን ራሱን ይጎዳሉ። ወንድሜ ዝም ብሎ ሰማትና «እንግዲያ እኔ ምንም አላጠፋሁም?» አላት። «ምንም» አለችው። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ሜትር አውጥታ ከጉልበቱ ሥር እስከ ትልቁ ጣቱ ለካች፤ 50 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ላስቲኩ ብቻ ከተላጠ ሽዋን የሚባሉት ህዋሳት በሳምንታትና በወራት መልሰው ይጠቀልሉታል። መዳቡ ከተበጠሰ ግን ከተረፈው ጫፍ እንደ ቡቃያ ያቆጠቁጣል፣ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። «50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 500 ቀን ነው» አለችው፤ አልደበቀችውም። «የእኔ ሥራ ነርቩን ማሳደግ አይደለም፣ እሱ በራሱ ጊዜ ያድጋል። እሱ ሲደርስ መገጣጠሚያህ ደርቆ፣ እግርህ ተንጋዶ እንዳይጠብቀው ማድረግ ነው።»

ከሆስፒታል ስንወጣ በሳምንት ሁለት ቀን ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር እየተሳፈረች ሐይቅ ትመጣልን ጀመር። እናቴ ወጌሻ ልትጠራ ነበር። ልጅቷ አልተቆጣችም፤ «እማዬ፣ ጡንቻው ላልቶ ሳለ መገጣጠሚያው በኃይል ከተሳበ ይወልቅብናል፤ ወጌሻው እርስዎ ይሁኑ፣ እኔ አስተምርዎታለሁ» አለቻት። እናቴ ተማረች። ቡናው ሲፈላ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አሥር አሥር ጊዜ ቀስ አድርጋ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶች ዱአ አድርገው አብረው ይቆጥራሉ። የእግሩ መዳፍ ወደ ታች እንዳይወድቅ ጣውላ በጋቢ ጠቅልለን አስደገፍነው። በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጠው ነበር፤ ሌሊት የእኔ ተራ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ደብተር ነበራት። የእያንዳንዱን ጡንቻ ጉልበት ከ0 እስከ 5 ትጽፋለች። 0 ምንም ነው፤ 1 ጡንቻው ሲኮማተር በጣት ይሰማል እንጂ እግሩን አያንቀሳቅስም፤ 3 ከመሬት ስበት ጋር ታግሎ ማንሳት ነው። ለሰባት ሳምንት የጭኑ ገጽ ዜሮ በዜሮ ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ እጇን ጭኑ ላይ አድርጋ «ጉልበትህን ወደ ታች ጫን» አለችው፤ ዝም አለች። ደግማ አስጫነችው። ከዚያ የእናቴን እጅ ይዛ እዚያው ላይ አስቀመጠችው። እናቴ «አጂብ!» ብላ ጮኸች። ደብተሩ ላይ 1 ተጻፈ። ያ ገጽ ዛሬም ቤታችን አለ።

ተስፋው ሲመጣ ደግሞ ልጓም ያዘችልን። ዘመዱ ሁሉ ተነስ፣ ሂድ ይለው ነበር፤ እሷ ግን አዲስ የበቀለ ነርቭ ያለ ልክ ሲሠራ ይዝላል እያለች ሰዓት ቆጥራ ታሠራዋለች፣ ሰዓት ቆጥራ ታሳርፈዋለች። ሲበሳጭ «አብሽር ወንድሜ፣ ዛሬም አንድ ሚሊ ሜትር አድገሃል» ትለዋለች። በዚህ በሽታ ከተያዘው ከአሥሩ ስምንቱ ያህል በስድስት ወር ውስጥ ያለ ድጋፍ እንደሚራመድ ነግራው ነበር። እሱ አሥር ወር ፈጀበት፤ አንድ ቀን እንኳ ዘገየህ አላለችውም።

የግራ እጁ አሁን ፍሪሲዮን ይጨብጣል። ፍሬን የሚረግጠው ቀኝ እግሩ 4 ላይ ነው፣ ጣቱ ደግሞ ገና 2። 5 ሳይሞላ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ብላዋለች፤ ባጃጁ ግቢያችን ቆሟል፣ እሱ በየጠዋቱ ይወለውለዋል።

ስሟን ፌስቡክ ላይ እንዳላወጣ ለምናኛለችና ቃሌን እጠብቃለሁ። ደሴ፣ ሐይቅ፣ ኩታበር፣ ኮምቦልቻ ያላችሁና ሽባ ሆኖ የተኛ ወይም ከስትሮክ የተረፈ ሰው ያለባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ። ቤት ለቤት የምትሠራው ከሥራ መልስና ቅዳሜ ነው። ስትመጣ ደብተር አዘጋጁላት።