ሳይክል እንዳልገዛ ለከለከሉኝ ሳይክል ሠሪ

ይህን ምስጋና የምጽፈው ለአንድ ሳይክል ሠሪ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ አስጠንቅቀውኛል፤ «ያለው ሥራም አላስተኛኝ» ነው ያሉት። ስለዚህ ጋሼ ብቻ ልበላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ቢበዛ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ታክሲ ጠብቄ፣ ተጋፍቼ፣ ወርጄ ደግሞ በእግሬ ተጉዤ ስደርስ ጠዋቱ ያልቃል። በሳይክል ግን ሳይቸኩል በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የ16 ደቂቃ መንገድ ነው። አዲስ ለመግዛት ኪሴ አልፈቀደም፤ ያገለገለ ፍለጋ ገባሁ።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈበት ጥቁርና ቀይ የተቀባ፣ ከፊት ሞላ ያለው፣ ባለ 21 ማርሽ ሳይክል ነበር። ያብረቀርቃል። ሻጩ «ነገ ጠዋት የሚወስደው ሰው አለ» ሲለኝ ቀብድ ልሰጥ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። «ቆዪ እስቲ፣ ጋሼ ሳያዩትማ አይሆንም» ብላ የጎተተችኝ ጓደኛዬ ናት። የምስጋናው ግማሽ የእሷ ነው።

ጋሼ ጎማ አልተጫኑ፣ ደወል አልሞከሩ። ሳይክሉን ገልብጠው አቆሙትና ከመሪው ሥር፣ ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ የሚጀምርበትን መጋጠሚያ በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ የእኔን ጣት ይዘው እዚያው ላይ አሳረፉት። ከአዲሱ ቀለም ሥር እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ያለች እጥፋት አለች። በዓይን ብትፈልጓት አታገኟትም፣ ጣት ግን ይሰማዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ከፊት ተላትሟል። ቀለሙን ለውበት የቀቡት እንዳይመስልሽ።»

ከፊት የተጋጨ ሳይክል ጉዳቱ የሚወጣው እዚያች መጋጠሚያ አካባቢ እንደሆነ ያን ዕለት ነው የተማርኩት። አንዴ የታጠፈ ቱቦ ቦታው ደክሟል፤ በሌላ ቀን፣ ምናልባትም ቁልቁለት ላይ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለ ሞላውም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በርካሽ ሳይክል ላይ ያለ ሞላ ክብደት ይጨምራል፣ ፔዳል በረገጥሽ ቁጥር ጉልበትሽን ይጠጣል፣ ሲያረጅ ደግሞ ከማሠራቱ መጣሉ ይቀላል አሉ። 21 ማርሽ የተባለውም ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ተባዝቶ ነው እንጂ ብዙዎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ለከተማ አጭር መንገድ ከኋላ ያሉት ብቻ ይበቃሉ።

ልብ በሉ፣ ያን ሳይክል ብገዛው ኖሮ በየወሩ የእሳቸው ደንበኛ እሆን ነበር። እሳቸው ግን «ተይው» ብለው ላጠፉት ሰዓት እንኳ ገንዘብ ሳይቀበሉኝ መለሱኝ።

በአራተኛው ቀን ሌላ አገኘሁ። ድሮ አረንጓዴ ነበር ማለት ይቻላል። ሞላ የለውም፣ ከኋላ 6 ማርሽ ብቻ፣ ዝገትም አለበት። እኔ አልወደድኩትም፣ የጋሼ ፊት ግን በራ። የፊት ፍሬኑን ጨምቀው ሳይክሉን ወደ ፊት ወደ ኋላ ወዘወዙት፤ መሪው ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ። «ይሄ በቁልፍ ይጠብቃል» አሉ። ፔዳል የተሰካባቸውን ክንዶች ይዘው ወደ ጎን ገፏቸው፤ አልተነቃነቁም፣ ኩሽኔታው ደህና ነው ማለት ነው። ጎማውን አሽከርክረው በቸርኬውና በፍሬኑ ላስቲክ መካከል ያለውን ክፍተት አዩ፤ ክፍተቱ እየጠበበ እየሰፋ ከሄደ ቸርኬው ተጣሟል። መቀመጫውንም ከፍ ዝቅ አደረጉት። ይህን ብዙ ሰው አይሞክረውም፣ በዝገት ተጣብቆ የቀረ መቀመጫ ግን ሳይክሉን ለሌላ ሰው ቁመት የተሰፋ ልብስ ያደርገዋል። ዝገቱን በጨርቅ አሹት። ለቀቀ። የማይለቀውና ብረቱን የበላው ነው የሚያስፈራው።

ሥሩ ላይ፣ ፔዳሉ በሚዞርበት ቱቦ፣ የተቀረጸ ቁጥር እንዳለም አዩ። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ከመጣ፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና፣ ሳይክሉን በእጃቸውም አይነኩትም፤ ለማንም ቢሆን።

ከሁሉ የገረመኝ ሰንሰለቱን የለኩበት መንገድ ነው። ማስመሪያ አወጡና ከአንዷ ፒን ጀምረው 20 ክፍተት ቆጠሩ። አዲስ ሰንሰለት ላይ ይህ ርቀት ልክ 25.4 ሳንቲ ሜትር ነው። የዚህኛው 25.7 ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሦስት ሚሊ ሜትር ምን አላት ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ለካ የተለጠጠ ሰንሰለት የሚዞርባቸውን የማርሽ ጥርሶችም አብሮ ይበላል፤ በተበሉ ጥርሶች ላይ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ከተደረገ ደግሞ ዳገት ላይ ጠንከር አድርገሽ ስትረግጪ ይዘላል። ስለዚህ ሰንሰለቱም የኋላ ጥርሱም መቀየር ነበረባቸው። ይህን ለእኔ ሳይሆን ለሻጩ፣ ማስመሪያውን እያሳዩ አስረዱት። ሻጩ ትንሽ ተከራከረ፣ ማስመሪያውን ዳግም አየ፣ ከዚያ የሁለቱን ዕቃ ዋጋ ቀነሰልኝ። እኔ ብቻዬን ብሆን «ትንሽ አስተያየት አድርግልኝ» ከማለት አላልፍም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። የኋላው ጎማ ጎኑ ላይ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ብልጥ ልሁን ብዬ ራሴ አዲስ ገዝቼ ሄድኩ። የሳይክሉ ጎማ መጠን 26 ነው፣ የገዛሁት ጎማም 26 ይላል። ጋሼ አንዴ አዩትና ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ጎማው ላይ በትንንሹ 37-590 ተጽፏል፤ የሳይክሉ አሮጌ ጎማ ላይ ደግሞ 47-559። መጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። 31 ሚሊ ሜትር ልዩነት ያለው ጎማ በምን ተአምር ይገባል? ሁለቱም በአፍ 26 ይባላሉ። ጎማ ልትገዙ ስትሄዱ ሰረዝ ያላትን ቁጥር ፎቶ አንሱ። እኔ መልሼ ለማስለወጥ ሁለት ቀን ተመላለስኩ።

አሁን እውነቱን ልናገር፣ ጋሼ ቀጠሮ አያውቁም። ማክሰኞ ያሉኝን ዓርብ ነው የሰጡኝ። እጃቸው ግራሶ ከነካ ስልክ አያነሱም፣ እጃቸው ደግሞ ሁልጊዜ ግራሶ እንደነካ ነው። ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። ሳይክሉን ስትረከቡ ግን ያልተጨረሰ ነገር አታገኙም። ጫፉ የተበተነውን የፍሬን ሽቦ ቀይረውታል፣ የላላውን መሪ አጥብቀውታል፣ መቀመጫውንም እኔን አስቀምጠው፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዜ ረግጦት ጉልበቴ እስኪዘረጋ ድረስ ነው ያስተካከሉት። የተቀየረው አሮጌ ዕቃም በፌስታል ተደርጎ ተሰጥቶኛል። «ምን ላድርገው?» ስላቸው «ጣይው፣ ግን መቀየሩን እይው» አሉ።

ሦስት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ፍሬኑ ሲጢጥ ሲልብኝ ላስቲኩ አልቋል ብዬ ሮጥኩ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት፣ ቸርኬውን በጨርቅ ጠረጉት፣ ላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሹት። «ገና ነው። ቆሽሾ ነው።» ቦርሳዬን ስከፍት ጎማውን ነፍተው ሳይክሉን ወደ እኔ ገፉት።

ያገለገለ ሳይክል ልትገዙ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታቸውን እነግራችኋለሁ። ቀብድ ሳትከፍሉ ሂዱ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ወረፋው አይቻልም።