የድረ ገጽ ሆስቲንግ (የገጽዎ ማደሪያ ኪራይ)፦ ከአገር ቤት ወይስ ከውጭ?

ክፍያ፦ የአገር ቤቱ በብር፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ያልቃል። የውጭው የዶላር ካርድ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ማጥመጃ ስለሚሆን የእድሳቱን ቀድመው ይዩ።

መቋረጥ፦ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። «99.9 በመቶ እንሠራለን» ማለት በወር 43 ደቂቃ ገደማ መጥፋት ነው፤ 99 በመቶ ግን ከ7 ሰዓት በላይ። የአገር ቤቱን በአማርኛ ደውለው ይጠይቁታል፣ ካነሳ። አንዳንዱ የአገር ቤት ድርጅት የውጭ ሰርቨር (ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ቸርቻሪ ስለሆነ፣ እሱ ሂሳቡን ካልከፈለ የእርስዎም ገጽ አብሮ ይዘጋል።

በሁለቱም ዶሜኑን (የገጹን አድራሻ ስም) ከሆስቲንጉ ለይተው በራስዎ ስምና ኢሜይል ያስመዝግቡ። ባክአፑን (የገጹን መጠባበቂያ ቅጂ) በየሳምንቱ ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ያውርዱ፤ እዚያው የተቀመጠ ባክአፕ ከሰርቨሩ ጋር ይሞታል። ሆስቲንጉን ሲለቁ፦ ቲቲኤሉን (የድሮው አቅጣጫ በሌሎች ኮምፒውተሮች ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) ከአንድ ቀን በፊት 300 ሰከንድ ያድርጉ፣ ገጹን አዲሱ ላይ ይሞክሩ፣ ከዚያ ዲኤንኤሱን (ስሙን ወደ ሰርቨሩ የሚመራውን ማውጫ) ወደ አዲሱ ያዙሩ። አሮጌውን ለሳምንት አይዝጉ፤ ኢሜይል እዚያ ሊቀር ይችላል።

ገዢው ደሴና ኮምቦልቻ ለሆነ ሱቅ የአገር ቤቱ ይበቃል፤ የዓመት ሳይሆን የወር እየከፈሉ ይፈትኑት። እንግዳው ከባሕር ማዶ ሆኖ አልጋ ለሚይዝበት የላሊበላ ሆቴል፣ በተለይ ለገና ሰሞን፣ የውጭው ይሻላል።