የሠርግ ልብስ ደሴ ላይ፦ ከሸማኔው ወይስ ከብራንዱ?

ሁለት መንገድ አለ፦ ሸማኔ ጋ ሄዶ ማሠራት፣ ወይ ከአንዱ አነስተኛ የባህል ልብስ ብራንድ መግዛት።

ዋጋ፦ ሸማኔው ጋ የሚከፍሉት የክሩንና የእጁን ነው፤ ስፌቱ ለብቻ። ብራንዱ ጋ ዲዛይኑም፣ የሱቅ ኪራዩም፣ የቲክቶክ ቪዲዮውም ዋጋው ውስጥ አለ።

ድካም፦ ብራንዱ ይቀላል። ሸማኔ ጋ «ለቅዳሜ ይደርሳል» የሚባል ነገር አለ። ለእህቴ ሠርግ ስመላለስ ዋዜማው ላይ እንኳ ጥለቱ ገና ግማሽ ነበር!

ጥራት፦ ጉዱ እዚህ ነው። ሁለቱም ጋ ጠርዙን ገልብጠው ይዩ። የታተመ ጥለት ከጀርባው ይደበዝዛል። በሽመና የገባው ግን ክሩ በጣት ይዳሰሳል። የእጅ ፈትል ደግሞ አንዴ ወፈር፣ አንዴ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካ ክር ወጥ ነው። «በእጅ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይመኑ።

ለጋቢ ከሆነ ሸማኔው ጋ ይሂዱ። አራት ድርብ ለሆነ፣ ልክ ለማይፈልግ ልብስ ብራንድ ምን ይጨምራል? ለሙሽራ ቀሚስ ግን፣ በተለይ ቀኑ ከቀረበ ወይም ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ይልበሱ ከተባለ፣ ብራንዱ ይሻላል። ቀብዱን ብቻ ይክፈሉ እንጂ ሁሉንም አስቀድመው አይክፈሉ።