ኤንኤፍኤስ ወይስ ሳምባ? ሳጥኑን ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። አራት ሰው የሚሠራበት ትንሽ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ቢሮ አለው። «ፋይል በፍላሽ ማመላለስ ሰልችቶናል፣ ሰርቨር ነገር ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?» አለኝ። መጀመሪያ ምን ምን ኮምፒውተር እንዳላችሁ ንገረኝ አልኩት። ሁለት ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ)፣ አንድ ማክቡክ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ፍሪቢኤስዲ የሚባል ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭኖበት የሄደ ዴስክቶፕ። «ሁሉም የዚያ የድሮው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የዩኒክስ፣ ዘር ነው ብለኸኝ የለ? ይግባባሉ ማለት ነው» አለ። የአንድ አያት ልጆች ሁሉ ቢግባቡ ኖሮ ፍርድ ቤት የውርስ ክርክር አይኖርም ነበር።

ሰው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ስለ ሳጥኑ፣ ማለትም ዲስክ ይዞ ኔትወርክ ላይ ፋይል ስለሚያጋራው ትንሽ ሰርቨር ነው። ስንት ዲስክ ይይዛል፣ ስንት ቴራ ነው፣ ዋጋው ስንት ነው። ከገዛ በኋላ የሚያማርረው ግን በሌላ ነገር ነው፤ ፋይሎቹ ከማሽን ወደ ማሽን በምን ቋንቋ ይሄዳሉ በሚለው። ቋንቋዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኤንኤፍኤስ፣ ሳምባ እና ኤስኤስኤችኤፍኤስ። እነሱን ከለያችሁ ሳጥኑ ራሱ ይመርጥላችኋል።

ኤንኤፍኤስ፦ ቁጥር እንጂ ስም አያውቅም

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያመጣው ነው። የዩኒክስ የገዛ ልጅ ስለሆነ ሊኑክስም ፍሪቢኤስዲም ማክም አብሯቸው ይመጣል። የፋይል ባለቤትነቱን፣ ፈቃዱን፣ አቋራጭ ሊንኩን ሁሉ እንዳለ ይዞ ይሄዳል። ኮድ የምትጽፉ ከሆነ፣ ሺህ ትንንሽ ፋይል ያለበት ፕሮጀክት የምታንቀሳቅሱ ከሆነ፣ እኔ ከእሱ ሌላ አልመርጥም።

ጣጣው የሚጀምረው ከቁጥር ነው። በተለመደው አሠራሩ ኤንኤፍኤስ ፓስወርድ አይጠይቅም። «እኔ ቁጥር ይህ ነኝ» ያለውን ማሽን ያምናል፣ አለቀ። ኡቡንቱ የመጀመሪያውን ተጠቃሚ 1000 ይለዋል። ማክ 501 ይለዋል። ፍሪቢኤስዲ 1001። አበበ የሚባል ሰው በሦስቱም ላይ አካውንት ቢከፍት ለእኛ አንድ አበበ ነው፣ ለሰርቨሩ ግን ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች። ስለዚህ ማኩ ላይ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፋይሉ ይታያል፣ ሴቭ ሲባል ግን «ፐርሚሽን ዲናይድ»። ሰው ፓስወርድ ይቀያይራል፣ ሰርቨሩን ያጠፋል ያበራል፣ ኬብል ይነቅላል። ቴርሚናል ከፍታችሁ «አይዲ» የምትለዋን ትእዛዝ በየማሽኑ ላይ ብትጽፉ ግን ቁጥሮቹ ሲለያዩ በአንድ ደቂቃ ታዩታላችሁ።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ በሁሉም ማሽን ላይ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር መስጠት፣ ወይ ደግሞ ሰርቨሩን «የመጣው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ይቆጠር» ማለት። ሁለተኛውን ሊኑክስ ላይ ኦል ስኳሽ፣ ፍሪቢኤስዲ ላይ ማፕ ኦል ይሉታል። ለአራት ሰው ቢሮ ይበቃል። ፋይሉን ማን እንደሰረዘው ግን በኋላ መለየት አትችሉም፤ ሁሉም አንድ ሰው ሆኗላ።

ማክ ሌላም ጠባይ አለው። ሊኑክስ ሰርቨር በተለመደው አቀማመጡ ጥያቄ የሚቀበለው ከ1024 በታች ከሆነ ፖርት (ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚገናኙበት ቁጥር ያለው በር) ብቻ ነው። ማክ ደግሞ ካልነገሩት ከዚያ በላይ ካለ ፖርት ይመጣል። ውጤቱ «ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ»፣ ሌላ ምንም ማብራሪያ የለም። ማኩ ላይ ሬዝቭፖርት የሚለውን መጨመር ወይም ሰርቨሩ ላይ ኢንሴኪዩር ብሎ መጻፍ ያስተካክለዋል። ቃሉ አያስደንግጣችሁ፤ ያ የፖርት ሕግ በአንድ ግቢ ውስጥ የታመነ አስተዳዳሪ ብቻ በነበረበት ዘመን የወጣ ነው፣ ዛሬ ማንም በገዛ ላፕቶፑ ላይ አስተዳዳሪ ነው። ሳጥን ስትገዙ ግን ይህ ምርጫ በማስተካከያ ገጹ ላይ መኖሩን እዩ።

የትኛው ፎልደር ለማን እንደሚሰጥ የሚጻፍበት፣ ኤክስፖርትስ የሚባለው ፋይል ደግሞ ሊኑክስም ፍሪቢኤስዲም ላይ ስሙ አንድ፣ ሰዋስዉ ሌላ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ገልብጣችሁ አይሠራም። ሊኑክስ ላይ ፈቃዱ የሚጻፍበት ቅንፍ ከአድራሻው ጋር መጣበቅ አለበት። መሃል ላይ አንዲት ክፍተት ከገባች፣ ለዚያ አድራሻ ማንበብ ብቻ ይፈቀድና ቅንፉ ውስጥ ያለው የመጻፍ ፈቃድ ለቀረው ዓለም ሁሉ ይሰጣል። በአንዲት ስፔስ! አስተካክላችሁ ስትጨርሱም ሊኑክሱን በኤክስፖርትኤፍኤስ ትእዛዝ፣ ፍሪቢኤስዲውን ማውንትዲ የሚባለውን ፕሮግራም እንደገና በማስነሳት ካልነገራችሁት የድሮውን እንደያዘ ይቀጥላል።

ፋየርዎል (ፖርት የሚዘጋ መከላከያ) ካላችሁ የኤንኤፍኤስን ስሪት 4 ምረጡ። አንድ ፖርት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ 2049። ስሪት 3 ግን 111ንም ሌሎች ተለዋዋጭ ፖርቶችንም ያስከፍታል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ስሪት 4 ብቻ ለሚያወራ ሰርቨር ምን ፎልደር እንደሚያጋራ የሚጠይቀውን ሾውማውንት የሚባል ትእዛዝ ብትጽፉ መልስ አይሰጥም፣ ሰው ሰርቨሩ ሞቷል ይላል፣ ማውንት ሲደረግ (የሰርቨሩ ፎልደር በእናንተ ማሽን ፎልደር ላይ ሲያያዝ) ግን በደንብ ይሠራል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ይህችን ከራሴ ላውራ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ መጣ። ኡቡንቱው ቶሎ ተነሣ። ሰርቨሩ ዲስኩን እየመረመረ ስለነበር ዘገየ። ኡቡንቱው ሰርቨሩን ቢጠራው መልስ የለም፣ ተወውና ሥራውን ቀጠለ። እኔም ፎልደሩን ስከፍት ባዶ ነው። ኔትወርክ ነው፣ ይመጣል ብዬ አዲሱን ሥራ እዚያው ሴቭ አደረግኩ፣ ሲመሽም ማሽኑን ሳላጠፋ ወጣሁ። በማግስቱ ሰርቨሩን ማውንት ሳደርግ የድሮው ፋይል ሁሉ ተመልሷል፣ የትናንቱ ሥራ ግን የለም። ግማሽ ቀን ሙሉ የሆነ ሰው ሰርዞብኛል ብዬ ሰውን ሁሉ በጥርጣሬ ሳይ ዋልኩ።

ፋይሉ አልጠፋም ነበር። ማውንት የሚደረግበት ፎልደር እኮ ራሱ በገዛ ዲስኬ ላይ ያለ ተራ ፎልደር ነው። ሰርቨሩ ሳይኖር የጻፍኩት እዚያ ተቀመጠ፣ ሰርቨሩ ሲመጣ ላዩ ላይ ምንጣፍ እንደተነጠፈበት ሆነ። አንማውንት ሳደርገው ሥራዬ ከሥር ተኝቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ማሽን ላይ መጀመሪያ የማደርገው፣ ማውንት ከመደረጉ በፊት ያንን ባዶ ፎልደር ማንም እንዳይጽፍበት መዝጋት ነው። ኦቶማውንት ማድረግም ይረዳል፤ ፎልደሩ ሲነካ ያኔ ሰርቨሩን ይጠራዋል።

ሰርቨሩ በሥራ መሃል ከጠፋ ደግሞ ኤንኤፍኤስ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል። ፎልደሩን የነካ ፕሮግራም ሁሉ ይደርቃል፣ ኮንትሮል ሲ ብትሉም አይሰማም። ሰው ኮምፒውተሩ ሃንግ አደረገ ብሎ ቁልፉን ይጫናል። አትቸኩሉ፣ ሰርቨሩ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሶፍት የሚባለው አማራጭ ቶሎ ተስፋ እንዲቆርጥ ያደርገዋል፣ ግን በግማሽ የተጻፈ ፋይል ሊያስቀርባችሁ ስለሚችል ለምትጽፉበት ፎልደር አልመክርም። ከዚያ ይልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ግዙ። ስትገዙም ሁለት ነገር፦ የዩኤስቢ ዳታ ገመድ ያለው ይሁን፣ ሰርቨሩ ባትሪው ሲያልቅ አውቆ ራሱን እንዲያጠፋ። የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚሰኩበትን ስዊችም እዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። ሰርቨሩን ዩፒኤስ ላይ አድርጎ ስዊቹን ግድግዳ ላይ የሚተው ሰው ስንት አይቻለሁ መሰላችሁ።

ሳምባ፦ ማክ ካለ ነገር ያቀላል

ሳምባን የጀመረው አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል ነው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ። ሥራው የዊንዶውስን የፋይል መጋሪያ ቋንቋ፣ ኤስኤምቢን፣ ዩኒክስ ላይ ማስነገር ነው። ዊንዶውስ የለንም ብላችሁ አትለፉት። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ማቨሪክስ በሚባለው የማክ ስሪት የድሮውን የራሱን ቋንቋ ወደ ጎን አድርጎ ኤስኤምቢን ቀዳሚ አድርጎታል። ማኩ ሳጥኑን ራሱ ያገኘዋል፣ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ይገባል። የ501 እና የ1000 ጣጣ የለም።

የሳምባ ጥሪዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ እምቢ ይላል»። በተለመደው አቀማመጥ ሳምባ የራሱ የፓስወርድ መዝገብ አለው፣ ከሊኑክሱ ፓስወርድ የተለየ። ሰውየውን በኤስኤምቢፓስወርድ ለብቻው ካልመዘገባችሁት አያውቀውም። ኡቡንቱ ላይ በቴርሚናል ማውንት ስታደርጉ ደግሞ የማን እንደሆነ ካልነገራችሁት ፋይሉ ሁሉ የሩት (የአስተዳዳሪው) ሆኖ ይቀርና መጻፍ አትችሉም።

የሚያስቸግረው ፍሪቢኤስዲ ነው። ሰርቨር ሲሆን ሳምባን በደንብ ያስኬዳል። ደንበኛ ሲሆን ግን አብሮት የኖረው መሣሪያ የሚናገረው የኤስኤምቢን ስሪት 1 ብቻ ነው። ያ ስሪት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የሚባለው ጎጂ ፕሮግራም ዓለምን ካመሰ ወዲህ በየቦታው ተዘግቷል፣ ሳምባም ከ4.11 ጀምሮ ካልከፈቱለት አይቀበለውም። ለእሱ ብላችሁ ስሪት 1ን እንዳትከፍቱ። አንዱን ፎልደር በኤንኤፍኤስም ስጡት፤ ሳጥኖቹ ሁለቱንም ይችላሉ። ብቻ አንዱን ፋይል ከሁለቱም በር በአንድ ጊዜ እየከፈታችሁ አትጻፉበት።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ትልልቅ ቪዲዮ ለሚያመላልስ ሰው ሁለቱም ያው ናቸው። የጊጋቢት ኔትወርክ ጣሪያው በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው፣ በእጅ የሚገባው 110 አካባቢ። እናንተ ጋ 11 ብቻ ከሆነ ኤንኤፍኤስንም ሳምባንም አትውቀሱ። ወይ ስዊቹ የድሮው የ100 ሜጋቢት ነው፣ ወይ ከኬብሉ ስምንት ሽቦዎች አንዱ አልያዘም። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል፣ በአራቱ ብቻ ሲሆን ወደ 100 ይወርዳል፤ መብራቷ ትበራለች፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ሳጥኑን ከመቀየራችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ።

ኤስኤስኤችኤፍኤስን በአጭሩ ልለፈው። ከቤት ሆናችሁ የቢሮ ፎልደር ለመክፈት ጥሩ ነው፤ በ22 ፖርት፣ ተመስጥሮ ይሄዳል፣ ሰርቨሩ ላይ ኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያው) ካለ እዚያ ሌላ የሚጫን ነገር የለም። ማክ ላይ ግን ማክፊውዝ የሚባል ፕሮግራም ለብቻው መጫን አለበት፣ ትንንሽ ፋይል ሲበዛም ይንቀራፈፋል። ለቢሮ የዕለት ሥራ አይሆንም።

በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ ስም ለምታስቀምጡ። ሊኑክስና ፍሪቢኤስዲ ላይ የፋይል ስም ጣሪያው በአብዛኛው 255 ባይት ነው። አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። ማኩ ላይ የ«አቶ እገሌና የወይዘሪት እገሊት የሠርግ ሥነ ሥርዓት የመጨረሻው በእውነት የመጨረሻው» ዓይነት ስም ከዚህም በላይ ረዝሞ ያለ ችግር ተቀምጦ ወደ ሰርቨሩ ሲገለበጥ እምቢ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሳጥን ወይስ ያገለገለ ዴስክቶፕ?

ሲኖሎጂና ኪውናፕን የመሳሰሉት ሳጥኖች ውስጣቸው ሊኑክስ ነው። የምትከፍሉት ለማስተካከያ ገጹ ነው። ቢሮው ውስጥ ቴርሚናል የሚደፍር ሰው ከሌለ ሳጥን ግዙ፣ አትከራከሩ። መብራት የሚበላውም ትንሽ ነው፣ ዩፒኤሱም ረዘም ላለ ጊዜ ይይዘዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ኤንኤፍኤስ ስሪት 4 እንዳለው፣ ሁሉንም ወደ አንድ ሰው የሚያዞረው ምርጫ እንዳለውና ከላይ ያልኳችሁ የማክ ፖርት ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ መመሪያውን ከኢንተርኔት አውርዳችሁ እዩ።

ያገለገለ ዴስክቶፕ ይረክሳል፣ ዲስክም ይበዛለታል። ትሩናስ የሚባለውን የፋይል ሰርቨር ሶፍትዌር ብትጭኑበት የማስተካከያ ገጽም ታገኛላችሁ፣ ግን ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይፈልጋል። ድሮ ፍሪናስ ይባል የነበረው ነው፤ ያኔ ፍሪቢኤስዲ ላይ ነበር፣ አሁን ወደ ሊኑክስ ዞሯል፣ ስለዚህ የቆየ ምክር ስታነቡ የትኛውን እንደሚያወራ ልብ በሉ። ያገለገለ ስትገዙ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪም ወዲያው ቀይሩ። እሱ ከሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ትናንት የተሠራው ፋይል ከዛሬው የበለጠ አዲስ ሆኖ ይታያል፣ ባክአፑም ግራ ይጋባል።

ባለሁለት ዲስክ ሆኖ አንዱ የሌላው መስታወት ከሆነ ባክአፕ አለኝ አትበሉ። በስህተት የሰረዛችሁት ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ነው የሚጠፋው።

ወዳጄ ባለሁለት ዲስኩን ሳጥን ገዛ። ማኩ በሳምባ፣ ሁለቱ ኡቡንቱዎች በኤንኤፍኤስ ስሪት 4፣ ፎልደራቸው ለየብቻ፣ ሳጥኑና ስዊቹ አንድ ዩፒኤስ ላይ። ጥግ ላይ የነበረው ፍሪቢኤስዲ ማታ ማታ ባክአፑን እንዲቀበል አደረግነው። ፓስወርዱን የሚያውቅ ስላልነበረ በሲንግል ዩዘር (ለጥገና በሚያገለግለው አነሳስ) ገብተን ነው የቀየርነው፣ አሁን ወረቀት ላይ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ አለ።